የሚያብረቀርቀው ሮድ ለምን ዘይት ይተፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሲሊንደር ሮድ ናቸው። ያ ክሮም የተለበጠው፣ ዘይት ወይም አየር ሲገፋው ከሲሊንደሩ እየወጣ የሚገባው ዘንግ። ኤክስካቫተር ላይ ይሁን ፎርክሊፍት፣ ፕሬስ ላይ ይሁን ማሸጊያ ማሽን፣ በሽታው ያው ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል። መልሱን ግን እንደመጣልን ጽፈነዋል።

ከኤክስካቫተር ኦፕሬተር፦

«የባኬቱ ሲሊንደር ዘይት ያንጠባጥባል። ሲል (ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) ቀየርን። ለጥቂት ጊዜ ደህና ሆነና ተመልሶ ያው። ደግመን ቀየርን፣ አሁንም ያው። ሮዱ እንደሆነ ፊት ያሳያል፣ ምንም የለበትም። ሲሉ ፎርጅድ ነው እንዴ?»

መልስ፦ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፣ አይካድም። ግን ሁለት ሲል ተከታትሎ ሲበላ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሮዱን ነው። ማብራቱ አያታልልዎት።

እንዲህ ያድርጉ። ባኬቱን ወደ ውስጥ ይጠፉት፣ ሮዱ እስከ መጨረሻው ይውጣ። መሬት ላይ ያሳርፉት፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የማሽኑ መመሪያ በሚለው መንገድ ግፊቱን ያስተንፍሱ። ይሄ ሳይሆን እጅዎን እንዳያስጠጉ። በጠባብ ቀዳዳ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ላዩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር ብቻ ትታያለች፣ ጉዳቱ ግን እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። የሚረጨው ከየት እንደሆነ መፈለግ ካስፈለገ በካርቶን ነው እንጂ በእጅ አይዳሰስም።

ከዚያ ሮዱን በንጹህ ጨርቅ ይወልውሉት። የስልክዎን መብራት ከጎን፣ ሮዱ ላይ ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርገው ይያዙት። ከፊት ለፊት ሲያበሩበት ሁሉም ሮድ ያምራል። ከጎን ሲሆን ግን ጭረቱም ስርጉዱም ጥላ ይጥላል። ቀጥሎ የአውራ ጣትዎን ጥፍር በርዝመቱም በዙሪያውም በቀስታ ይጎትቱበት። ጥፍርን የያዘ ቦታ ሲልንም ይይዛል። ጥፍርዎን ካላመኑት ትንሽ ጥጥ ይጎትቱበት፤ ሸካራው ቦታ ላይ ክሩ ተነቅሎ ይቀራል።

ያገኙት ምልክት መልኩና ቦታው ከየት እንደመጣ ያሳብቃል። በርዝመቱ ቀጥ ብሎ የወረደ ጭረት ከሆነ አሸዋ ወይም የብረት ብናኝ ዋይፐሩን፣ ማለትም በሲሊንደሩ አፍ ያለችውን አቧራ ጠራጊ ጎማ፣ አልፎ ገብቷል። አንድ ጎኑ ብቻ ከፈዘዘ ወይም ከተፋቀ ሮዱ ጎብጧል፣ አለዚያ ሮዱን ቀጥ አድርጎ የሚመራው ቀለበት (መሪ ቀለበቱ) አልቆ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነው። ላይኛው ፊቱ ላይ ብቻ ጥቃቅን ነጠብጣብ ካለ ደግሞ ዝናብና ጤዛ ተኝቶበት የከረመ ሮድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሲል ኪት ሲገዛ ዋይፐሩ አብሮ አለ። ከሁሉም ውጭ ያለችው፣ ሮዱ ሲገባ አቧራውን የምትጠርገው ጎማ ናት። ብዙ መካኒክ ዋናውን ሲል ቀይሮ እሷን «ገና ናት» ብሎ ይተዋታል። የዋይፐሯ ከንፈር ከተሰነጠቀ ግን አዲሱ ሲል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአሸዋ ጋር ነው የሚታገለው። መሪ ቀለበቱም እንደዚያው። እነዚህን ትቶ ሲል ብቻ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ሮዱ ላይ ስስ የዘይት ወዝ ማየት ግን ችግር አይደለም፣ እንዲያውም መኖር አለበት። ጠብታ ሆኖ ሲወርድ ነው ችግሩ።

ከፋብሪካ ጥገና ክፍል፦

«ክሮም አይዝግም ተብለን ነው የገዛነው። ዓመት ሳይሞላው ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። ስንጠርገው ይለቃል፣ ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል። ተሸወድን?»

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው የነገሯችሁ። ክሮሙ አይዝግም። የሚዝገው ከሥሩ ያለው ብረት ነው።

ሮድ ላይ የሚለበጠው «ሃርድ ክሮም» የሚባለው ነው። ጥንካሬው በቪከርስ መለኪያ ከ800 እስከ 1000 አካባቢ ስለሚደርስ ተራ ሞረድ ብዙም አይነካውም። ግን ስስ ነው። አብዛኛው የሃይድሮሊክ ሮድ ላይ ያለው ከ20 እስከ 25 ማይክሮን ነው፣ የአንድ ፀጉር ውፍረት ሲሶ ቢሆን ነው። ለጥንካሬውም የሚከፈል ነገር አለ። ሲለበጥ ጀምሮ ውስጡ ስለሚወጠር በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይፈጠሩበታል። ይሄ የአምራቹ ጥፋት አይደለም፣ የሃርድ ክሮም ባህሪ ነው፤ እንዲያውም ስንጥቆቹ ዘይት ይዘው ስለሚቆዩ ሲሉን ያለሰልሱለታል። ችግር የሚመጣው ስንጥቅ ተያይዞ እስከ ብረቱ ሲደርስና በዘይት ፈንታ ውሃ ሲገባበት ነው።

ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ክሮም አየር ሲያገኝ ስስ ኦክሳይድ ለብሶ ራሱን ይከላከላል። ብረቱ ይሄ የለውም። ሁለቱ በተነካኩበት ቦታ እርጥበት፣ በተለይ ጨው ያለበት እርጥበት፣ ሲገባ ትንሽዬ ባትሪ ይሆናሉ፣ የሚበላው ደግሞ ሁልጊዜ ብረቱ ነው። ክሮሙ ሰፊ፣ የተጋለጠችው ብረት ግን አንዲት ነጥብ ስለሆነች ጉዳቱ ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል። ከላይ ነጠብጣብ ብቻ እያየን ከሥር ጉድጓዱ ይሰፋል። አንድ ቀን ክሮሙ ድጋፍ ያጣና ቅርፊት ሆኖ ይነሳል። የቅርፊቱ ጠርዝ ስለታም ነው፣ ሲሉን የሚቆራርጠውም እሱ ነው።

ለዚህ ነው ሮድን ከሥራ ይልቅ መቆም ይጎዳዋል የምለው። የሚሠራ ሮድ በገባ በወጣ ቁጥር ዘይት ይቀባል፣ ውሃ የሚቀመጥበት ጊዜ የለውም። ቅዳሜ ታጥቦ ወጥቶ የቀረ፣ እስከ ሰኞ እርጥበት የጠጣ ሮድ ነው ቶሎ የሚሞተው። ይሄን የምትጠራጠሩ ከሆነ አንድ ሮድ ላይ ዝገቱ የት እንዳለ እዩ። ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ሲቆም ውጭ በሚቀረው ክፍል ላይ ነው፣ ሁልጊዜ በሚመላለሰው ላይ አይደለም።

የእናንተን በተመለከተ፣ እዚያው ቦታ ላይ ከተመላለሰ ውሃው ብረቱ ጋ ደርሷል። ማዘግየት ይቻላል፣ ማዳን ግን አይቻልም። ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርጉት፣ ከሥራ በኋላ ሮዱን አስገብታችሁ ማሽኑን አቁሙ፣ በየጊዜው ፎቶ እያነሳችሁ መስፋቱን ተከታተሉ። ሌላ ስትገዙ ደግሞ «ክሮም ነው ወይ» ብላችሁ አትለፉት። በጨው ርጭት ፈተና ስንት ሰዓት እንደቻለ ጠይቁ፤ ፈተናው አይኤስኦ 9227 የሚባል መለኪያ አለው። ሥራችሁ እርጥበት የበዛበት ከሆነ ከክሮሙ ሥር ኒኬል ያለበትን ምረጡ። ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ውሃውን የሚዘጋው እሱ ነው።

ከመጠጥ ማሸጊያ ፋብሪካ፦

«የጽዳት ኃላፊ ነኝ። ማሽኖቹን በየቀኑ በበረኪና እናጥባለን። የአየር ሲሊንደሮቹ ሮዶች እየፈዘዙ ነው፣ አንዳንዱም ይላጣል። መካኒኮቹ ጥፋቱን እኛ ላይ ይጥሉታል። እውነት ነው?»

መልስ፦ እህታችን፣ በረኪናው ማበላሸቱ እውነት ነው። ጥፋቱ ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። በየቀኑ በክሎሪን የሚታጠብ ቦታ ላይ ተራ ክሮም ሮድ የገጠመውም መጠየቅ አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ ሮዱ ስቴንለስ ነው መሆን ያለበት፣ ስቴንለሱም ቢሆን በረኪና እየደረቀበት አይችለውም።

የክሮም ዋና ጠላት ክሎራይድ ነው፣ በጨውም በበረኪናም በአንዳንድ አሲድም ውስጥ ያለው። ሮድ ጥገና ላይ አሮጌ ክሮም ሆን ተብሎ ሲነሳ አንዱ የሚነከርበት ነገር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ስለዚህ ቆሻሻና ኖራ ማስለቀቂያ ስትገዙ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ይሄ አሲድ ካለበት ሮድ አጠገብ አይድረስ። የደረቀ ሲሚንቶ ማንሻዎችም ብዙዎቹ ያው ናቸው። ደግሞ በረኪናና አሲድ በምንም ተአምር እንዳይቀላቀሉ፣ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ለሰው ነው የሚተርፈው።

በረኪና የግድ ከሆነ ከማጠባችሁ በፊት ሮዶቹ ወደ ውስጥ ይግቡ። በታዘዘው መጠን አቅጥኑት፣ የተባለውን ደቂቃ ብቻ ይቆይ፣ ሳይደርቅ በብዙ ንጹህ ውሃ ይለቅለቅ። ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ለምግብ ፋብሪካ የተፈቀደ ቅባት በስሱ። በፕሬዠር ስታጥቡ ደግሞ ውሃውን ሮዱ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበት አፍ ላይ አታነጣጥሩ። ዋይፐሯ የተሠራችው አቧራ ለመጥረግ ነው፣ በግፊት የመጣ ውሃ ለመመለስ አይደለም። በቀረው ቀን ሁሉ ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። የሽቦ ብሩሽና የብረት ሽቦ መፈግፈጊያ ከጽዳት ክፍሉ ይውጡ።

ከፕሮጀክት ስቶር፦

«ሥራ ስለቆመ ማሽኖቻችን ለወራት ይቆማሉ። ስቶር ውስጥም መለዋወጫ ሮዶች አሉ፣ በላስቲክ ጠቅልለን መሬት ላይ ደርድረናቸዋል። የቀረን ነገር አለ?»

መልስ፦ አለ። ላስቲኩን ፍቱት። በላስቲክ ውስጥ አየር አለ፣ አየሩ ውስጥ እርጥበት አለ፣ ማታ ሲበርድ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ሮዱ ላይ ይቀመጣል፣ መውጫም የለውም። መጀመሪያ ፀረ ዝገት ዘይት ቀቡት፣ ከዚያ በዘይት ወረቀት ጠቅልሉት። ላስቲክ ካስፈለገ ከዚያ በላይ ነው። መሬት ላይም አይተኛ። ረጅም ሮድ በሁለት ጫፉ ብቻ ተደግፎ ከከረመ ሊጎብጥ ይችላል፣ ስለዚህ በርከት ያለ የእንጨት ድጋፍ ላይ አስተኙት። ሮድ በሮድ ላይ አትደርድሩ። በሰንሰለትም አታንሱት፣ የጨርቅ ቀበቶ ተጠቀሙ።

የቆሙት ማሽኖች ላይ ደግሞ የሚገባው ሮድ ሁሉ ይግባ። ማሽኑ እንዴት ቢቆም ውጭ የሚቀር ሮድ አይጠፋም፤ እሱን ጠርጋችሁ አድርቃችሁ ግራሶ ወይም ሰም የመሰለውን ፀረ ዝገት በደንብ ቀቡት። ለረጅም ጊዜ ከሆነ ሰሙ ይሻላል፣ ግራሶ አቧራ ይሰበስባል። የሚቻል ከሆነ በወር አንዴ ሞተር አስነስታችሁ ሲሊንደሮቹን ሙሉ ለሙሉ አመላልሷቸው። ከዚያ በፊት ግን አሮጌውን ግራሶ ጥረጉ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ አቧራ የጠጣ ግራሶ እንዳለ ሮዱ ሲገባ ያ ሁሉ አሸዋ ዋይፐሯ ሥር ይጎተታል። ስታንቀሳቅሱ ጨርሳችሁ እንደገና ትቀባላችሁ።

ከበያጅ፦

«ሎደር ባኬት ላይ ስንበይድ ሮዱ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ይጣበቃል። በመሮ እናነሳዋለን። ጉዳት አለው?»

መልስ፦ በመሮ ከተነሳ አዎ፣ ከክሮሙ ጋር ነው የሚነሳው። ከመጀመሪያው እሳት በሚችል ብርድ ልብስ ሸፍኑት። የባሰው ግን የማይታየው ነው። የግራውንዱ መቆንጠጫ ሩቅ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በሲሊንደሩ በኩል ሊያልፍ ይችላል፣ ሮዱና መሪው ቀለበት መሃል ብልጭ ይልና ጥቁር ነጥብ ጥሎ ይሄዳል። እዚያ ላይ ክሮሙ ቀልጧል። መቆንጠጫውን እዚያው የሚበየደው ብረት ላይ፣ በተቻለ መጠን ቅርብ እሰሩት፣ በመሃሉ ሲሊንደርም ፒንም እንዳይኖር።

ከልምምድ ተማሪ፦

«ጋሼ፣ ሮዱ ላይ ትንሽ ጭረት አለ። አለቃዬ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው አለኝ። አንዱ መካኒክ ደግሞ ክሮም አይነካም ይላል። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ እንደ ጭረቱ ነው። ድንጋይ የመታው ከሆነ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ተነስቷል። ሲል የሚቆርጠው ያ የተነሳው ጠርዝ ነው፣ ስለዚህ ሥራህ እሱን ማውረድ ብቻ ነው። ደቃቅ የስለት መሳያ ድንጋይ በዘይት አርሰህ እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ቀስ ብለህ አመላልስ፣ በየጊዜው በጥፍርህ እየፈተንክ። ጥፍርህ ሳይያዝ ካለፈ አቁም። ከዚያ 600 ቁጥር ወይም ከዚያ የደቀቀ ወረቀት በዘይት አርሰህ አንዴ ጨርሰው። ስትፈገፍግ በሮዱ ዙሪያ ነው እንጂ በርዝመቱ አይደለም። በርዝመቱ የተፋቀ መስመር ዘይቱን በቀጥታ ከሲሉ ሥር ወደ ውጭ ይመራዋል።

80 ቁጥር ወረቀት ወይም ግራይንደር ሲያነሳ ያየኸውን ሰው ግን አስቁመው፣ አለቃህም ቢሆን በትህትና። 20 ማይክሮን ነው ያለህ። ሥራ ከመጀመርህ በፊት የሲሊንደሩን አፍ በጨርቅና በፕላስተር ሸፍነው፣ ስትጨርስ ብናኙን ሁሉ ጥረግ።

ፈግፍገህ ክሮሙን እንዳልጨረስከው ማወቅ ትፈልጋለህ? ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት በውሃ ሟሙቶ አንድ ጠብታ ጣልበት። ክሮም ካለ ምንም አይሆንም። ብረት ከወጣ ጠብታው ሥር ቀይ መዳብ ይለብሳል። ወዲያው በውሃ እጠበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀባው። ቀይ ካየህ ደግሞ አትደብቀው፣ ለአለቃህ ንገረው፤ ያ ሮድ ካሁን በኋላ በክትትል ነው የሚኖረው።

ስትፈታም እጅህን ጠብቅ። ሮድ በቧንቧ መፍቻ አይያዝም። ሞርሳ ላይ ካሰርከው በመሃሉ እንጨት ወይም የመዳብ ላሜራ አስገባ። ጋራዥ ውስጥ ሥራ ላይ ሳይሆን ሲፈታ የተጫረ ሮድ ስንት አለ መሰለህ።

ከማሽን አከራይ፦

«ሮዱ ተቦርቡሯል። እንደገና ክሮም ይለበጥ ወይስ አዲስ ይገዛ? ካስለበጥንስ ምን እንጠይቅ?»

መልስ፦ መጀመሪያ ቀጥ ያለ መሆኑን ያረጋግጡ። ቶርኖ ቤት ወስደው ሁለት የቪ ቅርጽ ያላቸው ድጋፎች ላይ አስተኝተው በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) እያዞሩ ይለኩት። ጌጁ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ የሚያሳየው ልዩነት የጉብጠቱ እጥፍ ስለሆነ ለሁለት ይካፈላል። በደንብ ከጎበጠ በፕሬስ ማቃናት ይቻላል የሚል አይጠፋም፤ ሲቃና ግን ክሮሙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ይቃና ቢባል እንኳ ክሮም መለበጡ አይቀርም።

ቀጭንና አጭር ሮድ ከሆነ አልደክምበትም። ክሮም የተለበጠ ዘንግ ተቆርጦ ይሸጣል፣ ጫፉን በቶርኖ አስወጥቶ መግጠም ይቀላል። ወፍራም፣ ረጅም፣ ጫፉ ላይ ጆሮ የተበየደበት ሮድ ከሆነ ግን ማስለበጥ ያዋጣል።

ማወቅ ያለብዎ ነገር፣ ክሮም ጉድጓድ አይሞላም። ከሥር ያለውን እንዳለ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ አሮጌው ክሮም ይነሳል፣ ብረቱ ጉድጓዱ እስኪጠፋ በግራይንዲንግ ማሽን ይላጋል፣ ከሚፈለገው በላይ ወፍሮ ይለበጣል፣ እንደገና ወደ ልኩ ይላጋል። «አጽድተን እንለብጠዋለን» ብቻ የሚልዎት ካለ ሮድዎን ይዘው ይውጡ። ከተላገ በኋላ ስንት ማይክሮን እንደሚቀር ይጠይቁ። የልስላሴውን ልክ አስለክተው ይረከቡ፤ ለሮድ አብዛኛውን ጊዜ አርኤ የሚባለው የሻካራነት መለኪያ ከ0.1 እስከ 0.4 ማይክሮን ነው የሚፈለገው። ከዚያ ከሻከረ ሲል ይበላል፣ ከልክ በላይ ከለሰለሰም ዘይት አይይዝም። ሮዱ ከጠንካራ ቅይጥ ብረት ከሆነ ከተለበጠ በኋላ 200 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይጋገራል ወይ ብለው ይጠይቁ። ሲለበጥ ብረቱ ውስጥ የሚገባው ሃይድሮጅን ካልወጣ ሮዱ ድንገት ሊሰበር ይችላል። የመኪና መከላከያ ላይ የምናየውን የጌጥ ክሮም የሚሠራ ቤት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው፣ የእሱ ክሮም ኒኬል ላይ የሚቀባ፣ አንድ ማይክሮን እንኳ የማይሞላ ነው።

ሥራው የሚሠራበት ገንዳ ውስጥ ያለው ሄክሳቫለንት ክሮም የሚባለው የክሮም ውህድ ካንሰር ያመጣል። በአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም። ተለብጦ ያለቀውን ሮድ በእጅ መንካት ምንም አያደርግም፤ ክሮሙ ላይ መበየድና በእሳት መቁረጥ ግን መርዘኛ ጭስ ያወጣል። የግድ ከሆነ መቁረጫው ቦታ ላይ ያለው ክሮም አስቀድሞ ይነሳ፣ ሠራተኛውም የሚመጥን የመተንፈሻ ጭንብል ያድርግ። ዛሬ ዛሬ በክሮም ፈንታ የተንግስተን ካርባይድ ርጭትና የሌዘር ልባስም አለ፤ ለማዕድን ማውጫና ለባሕር ሥራ የሚያዋጣ፣ ለአንድ ሎደር ግን ኪስ የሚጎዳ ነው።

ከዚያው አከራይ፣ በግርጌ የተጻፈ፦

«ማሽኑን ቀለም ስንቀባ ሮዱም አብሮ ቢቀባ ከዝገት አይከላከልለትም?»

መልስ፦ ኧረ በፍጹም። ቀለሙ ሮዱ ሲገባ ዋይፐሯ ላይ ይፋቃል፣ ቅርፊቱም ሲሉ ጋ ይደርሳል። ከመቀባታችሁ በፊት ሮዱ ይግባ፣ ውጭ የቀረውን በወረቀትና በፕላስተር ጠቅልሉት። አሁን የተቀባ ካለ ማሽኑን ሳታንቀሳቅሱ ቀለሙን በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱት። የቀረውን ቲነር በነካ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቲነሩ ግን ዋይፐሯንና ሲሉን እንዳይነካ።